የከብት ሐኪሟ ለፓርላማ ስትወዳደር

ለፓርላማ ልወዳደር መሆኔን ለባለቤቴ የነገርኩት አይሱዙው ሥር በጀርባው ተኝቶ ዘይት ሲቀይር ነው። ያንን ሰዓት የመረጥኩት ሆን ብዬ ነው። ፊቱ ስለማይታየኝ ንግግሬ አይደናቀፍም፤ እሱም ከተኛበት እስኪወጣ ድረስ የሚያስብበት ጊዜ ያገኛል። ከጎማው አጠገብ ቁጢጥ ብዬ ነገርኩት። የመፍቻው ድምፅ ቆመ።

«በየትኛው ፓርቲ?» አለኝ ከሥር።

«በማንም። በግሌ ነው።»

«በግልሽ» ብሎ ደገመው። ቀጥሎም፣ «ሰው ምን እንደሚል አስበሻል?» አለ።

«ሰው የሚለውን ልሰማ አይደል የምወዳደረው።»

እየተንፏቀቀ ወጣና እጁን በጨርቅ እየጠረገ አየኝ። «ወላሂ አንቺ ሴትዮ፣ የጅቡቲን መንገድ ስመላለስበት እንደዛሬው ፈርቼ አላውቅም» አለ። አልከለከለኝም ግን። ባለቤቴ ሲከለክል ዝም ይላል፤ ሲፈራ ያወራል። ያን ቀን ብዙ አወራ።

እኔ የሐይቅ ልጅ ነኝ። የእንስሳት ጤና ተምሬ የተመደብኩትም እዚያው ነው። ከሐይቅ ከተማ እስከ አርዲቦ ሐይቅ ዳር፣ ከዚያም ሽቅብ ወደ አምባሰል ግርጌ ያሉትን መንደሮች የክትባት ሳጥኔን በትከሻዬ አንግቼ ስዞራቸው ኖሬያለሁ። አብዛኛው ሰው ስሜን አያውቀውም። «የከብት ሐኪሟ» ነው የሚለኝ። በየቤቱ ያለውን በሬ በቀለሙና በአመሉ አውቀዋለሁ፤ የባለቤቱን አመል ደግሞ ከበሬው አያያዝ እረዳለሁ።

ምርጫ ድሮም ነበረን። ቀኑ ሲደርስ አንድ ለአምስት ያደራጁን ጎረቤታችን ማለዳ በሩን አንኳኩተው ይሰበስቡንና ተሰልፈን እንሄዳለን። ይህን ምረጡ ብሎ ያዘዘን የለም። ማዘዝም አያስፈልግም ነበር። አንድ ጊዜ ከፊቴ የተሰለፉ ሽማግሌ የድምፅ መስጫ ወረቀቱን ዘርግተው እያዩ፣ «ይኼኛው የኛው ነው፤ እነዚህ ሌሎቹ ምልክቶች የማን ናቸው?» ብለው አስመራጩን ጠየቁት። አስመራጩም ሳይከፋው፣ «አባ፣ እነሱ ለማሟያ ናቸው» አላቸው። ሽማግሌው እሺ ብለው ምልክት አደረጉ። እኔም ተከትያቸው አደረግኩ።

ከዚያ ለውጥ የተባለው ነገር መጣ። በሚኒባስ ውስጥ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ ማውራት ጀመረ። እስር ቤት የከረሙ ሰዎች ወጡ። የስብሰባ ዓይነት በዛ። በየስብሰባው ከላይ የመጣ ባለሥልጣን «ሐሳብ አስተያየት» ይላል፤ እኔም እጄን አወጣለሁ። ጥያቄዬ ሁልጊዜ አንድ ነው። የአባሰንጋ ክትባት የሚመጣልን ከብቱ ካለቀ በኋላ ነው፤ ለምንድን ነው ዝናቡ ሳይጥል የማይደርስልን? መልሱም ሁልጊዜ አንድ ነው። «ጥሩ ጥያቄ ነው» ይሉና በማስታወሻቸው ይጽፉታል። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ስብሰባ ላይ አንድ ነገር ገባኝ። እነዚህ ሰዎች ለኔ መልስ የመስጠት ግዴታ የለባቸውም። የሚሾማቸው ሌላ፣ የሚሽራቸውም ሌላ ነው። በጀት የሚጸድቀው አዲስ አበባ ነው፤ እዚያ እኛን ወክሎ የሚቀመጠውን ሰው ደግሞ በዓይናችን አይተነው አናውቅም። እንግዲህ እኔ ልሂዳ፣ አልኩ። ይኸው ነው። ትልቅ የፖለቲካ ሐሳብ ይዤ አልተነሳሁም።

በግል ለመወዳደር የድጋፍ ፊርማ ማሰባሰብ ያስፈልጋል። ከተማ ውስጥ ሰው ግራና ቀኝ እያየ ነበር የሚፈርመው። አንዳንዱ «በልቤ አለሁልሽ» ይልና ወረቀቱን አይነካም። ገጠር ግን ቀለለኝ። ላም ሳዋልድ ያየኝ ሰው ሊፈርምልኝ አላመነታም። ለመወዳደሪያ ምልክት መሰላል መረጥኩ። ሌላ የሚማርክ ምልክት ተወስዶ ነበር፤ በእጅ ለመሳልም መሰላል ቀላል ነው። ባለቤቴ በአይሱዙው በር ላይ በኖራ ሣለው። መጀመሪያ ቀን የሣለውን በማግስቱ ጠረገው፤ ሌሊቱን አስቦበት ነው መሰለኝ። በሦስተኛው ቀን ግን መልሶ ሣለው፣ በዘይት ቀለም።

በገዥው ፓርቲ በኩል የቀረበው ተወዳዳሪ ሐይቅ ስማር የትምህርት ቤታችን ዳይሬክተር የነበረው ሰው ነው። ክፉ ሰው አይደለም። ልብሱ ሁልጊዜ ንጹሕ፣ ንግግሩ የተመጠነ፣ ተማሪ ሲገርፍ ያልታየ ሰው ነበር። ዕጩነቴ በተለጠፈ ሰሞን ሻይ ቤት ተገናኘንና ጠርቶ አስቀመጠኝ።

«አንቺ ልጅ» አለኝ፣ «ምን አስቀየምኩሽ?»

«ኧረ ምንም፣ መምህር።»

«እንደማታሸንፊ ታውቂያለሽ አይደል? ድርጅቱ በየቀበሌው ሰው አለው። አንቺ ያለሽ ባልሽና የክትባት ሳጥንሽ ናቸው።»

«አውቃለሁ» አልኩት። «ግን እርስዎን አርዲቦ ድረስ አስመጣዎታለሁ።»

ሳቀ። «ባልመጣስ?»

«ካልመጡ እዚያ ብቻዬን ነው የምናገረው።»

ሻዩን ከፈለልኝ። መጣም። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ጫማውን ጭቃ አስነክቶ ወደ አርዲቦ የሚያወርደውን ቁልቁለት ወረደ። ከርሱ በፊት ለፓርላማ የተመረጠ ሰው እዚያ መንደር ደርሶ አያውቅም፤ የመጣው ደግሞ እኔ ስለመጣሁ ነው። ምርጫው ገና ሳይካሄድ ያተረፍኩት ትርፍ ያ ነበር፤ ዛሬም የምኮራበት ነው።

የኔ ቅስቀሳ እንደሥራዬ በእግር ነበር። ለመጀመሪያው ስብሰባ አርዲቦ ላለው የቀበሌ አዳራሽ ፈቃድ አግኝቼ ሄድኩ። በሩ ተቆልፏል። የቀበሌው ሊቀ መንበር ራሱን እያከከ ቁልፉን የያዘው ሰው ለቅሶ መሄዱን ነገረኝ። የሞተውን ሰው ስም ብጠይቀው መናገር አቃተው። ሰዉ ግን ተሰብስቧል፤ ሊበተን ነው። «በሉ ከብቶቹ ውኃ ወደሚጠጡበት እንውረድ» አልኩ። የአርዲቦ ዳር ሣር ለጥ ያለ ነው፤ ሁሉም የሚቀመጥበት አያጣም። ከብቶቹን ያመጣም ያላመጣም መጣ። ከዚያ ወዲያ አዳራሽ ጠይቄ አላውቅም።

የመጀመሪያውን ጥያቄ የጠየቁኝ አንዲት ትልቅ ሴት ናቸው። ባላቸው የሞተባቸው፣ ልጆቻቸው አረብ አገር የሄዱባቸው፣ በሁለት ላምና በአንድ ጥጃ ቤታቸውን የያዙ እናት ናቸው። ሻሻቸውን አስተካክለው ተነሡ።

«ይኼ መሰላልሽ» አሉኝ፣ «የት ነው የሚደገፈው?»

ሰዉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። መልስ ይፈልጋሉ።

«እናንተ ላይ ነው እማ» አልኳቸው። «ሌላ የምደገፍበት ግድግዳ የለኝም።»

«እሱማ ገባኝ። ወጥተሽ ከላይ ስትደርሺ ምን ታደርጊልናለሽ? መንገድ ትሠሪያለሽ?»

እዚህ ላይ ብዙ መዋሸት ይቻል ነበር። «አልሠራም» አልኩ። «እዚያ ከአምስት መቶ በላይ ሰው አለ፤ እኔ አንዷ ነኝ። የምችለው መጠየቅ ነው። ሚኒስትሩን ፊት ለፊት፣ አገር እየሰማ፣ የአርዲቦ ክትባት ለምን ዘገየ ብዬ መጠየቅ እችላለሁ። የሰጠኝን መልስ ደግሞ እዚችው ሣር ላይ መጥቼ እነግራችኋለሁ።»

«መጠየቅ ብቻ?»

«መጠየቅ ብቻ።»

«እሱም ቢሆን እስከ ዛሬ የጠየቀልን የለም» ብለው ተቀመጡ።

ከኋላ የተቀመጠ አንድ ገበሬ ደግሞ ጦርነቱ ወደኛ ይመጣ እንደሆነ ጠየቀኝ። ያኔ ጦርነቱ ገና ሰሜን ነበር፤ እኛ የምናውቀው በሬዲዮና ወደ ግንባር በሄዱት ልጆቻችን ነው። የሚያጽናና ነገር መናገር አማረኝ። «አላውቅም» ነበር ያልኩት። ሰውየው ራሱን ነቀነቀ። ኋላ ላይ እንደነገረኝ ድምፁን የሰጠኝ ለዚያች «አላውቅም» ነው።

የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሴት አያስገባም። በክትባት ጊዜ መነኮሳቱ የገዳሙን በሬዎች እየነዱ ወደ ውጭው በር ያወጡልኛል፤ እኔም እዚያው ወግቼ እመለሳለሁ። በቅስቀሳው ሰሞንም እንደልማዴ በሩ ጋ ቆምኩ። በሬዎቹን የሚያወጡት አባት መሰላል ያለበትን ወረቀት ተቀብለው ዓይናቸው ድረስ አስጠግተው አዩት።

«ልጄ» አሉኝ፣ «እኛ የዓለሙን ነገር ትተነዋል።»

«ይቅርታ አባቴ፤ ላስቸግርዎት አልነበረም።»

«እኛ እንጂ በሬዎቹ አልተዉትም። ይታመማሉ። ስለዚህ እኔ ካርድ አውጥቻለሁ።» ወረቀቱን አጣጥፈው ቀሚሳቸው ውስጥ ከተቱት።

አምባሰል ግርጌ ባለ አንድ መንደር ደግሞ ወዳጃ ላይ ደረስኩ። እኛ አገር ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ከሰዓት በኋላ ጫት ይዞ አንድ ላይ ተቀምጦ ዱዓ የሚያደርግበት ጉባኤ ነው። ሼኹ ቅስቀሳ አልፈቀዱልኝም፤ «እዚህ አላህ ነው የሚጠየቀው» አሉ። ተቀመጥኩ። ለዝናብ ተለመነ፣ ለአገር ሰላም ተለመነ፣ ለሄዱት ልጆች ተለመነ። ሲያበቁ ሼኹ ወደኔ ዞረው እጃቸውን ዘረጉና፣ «ይቺም ልጅ እውነት ይዛ ከመጣች አላህ መንገዷን ያቅናላት፤ ውሸት ይዛ ከመጣች ከዚሁ ይመልሳት» ብለው መረቁ። አሜን አልኩ። ከሁለቱም በኩል የምፈራው አልነበረኝም።

ምርጫው የዋለው ሰኔ ላይ ነው። ጠዋት ካፊያ ነበር፤ ሰዉ ጃንጥላና ላስቲክ ይዞ ተሰለፈ። አርዲቦ ወዳለው ጣቢያ ስደርስ ወኪሌ ሆና የተመደበችው ነርስ ውጭ ቆማ አገኘኋት። በሩ ላይ የቆመ ሚሊሻ የግል ተወዳዳሪ ወኪል አይገባም ብሎ መልሷታል። ተናዳለች። የጣቢያው ኃላፊ ወጣት መምህር ነበር፤ ከዚያ በፊት አላውቀውም። አስጠራሁትና ነገርኩት። ሚሊሻውን አልተቆጣውም። ኪሱ ውስጥ የያዛትን የመመሪያ መጽሐፍ አውጥቶ ገጿን ገልጦ ቀስ ብሎ አነበበለት፣ ተማሪ እንደሚያስጠና።

«ወንድሜ፣ አየህ፤ እሷ ካልገባች እኔ ማስመረጥ አልችልም» አለው።

ሚሊሻው በእውነት እንደማያውቅ ከፊቱ ያስታውቃል። «እንዲያ ነው እንዴ» አለና ወንበር አምጥቶ ሰጣት።

እኔ ድምፄን የሰጠሁት ሐይቅ ከተማ ነው። መጋረጃው ውስጥ ገብቼ ወረቀቱን ስዘረጋ የራሴን ስም አየሁ። ያኔ ለሽማግሌው «ለማሟያ ናቸው» በተባሉት ምልክቶች መካከል የኔ መሰላል ቆማለች። ምልክት ሳደርግ ጊዜ ወሰድኩ። ወረቀቱን አጥፌ ኮሮጆው ውስጥ ከተትኩት።

በማግስቱ ውጤቱ በየጣቢያው በር ላይ ተለጠፈ። ባለቤቴ አይሱዙውን አስነሥቶ ከጣቢያ ጣቢያ ወሰደኝ። ተሸንፌያለሁ። በከተማው ተሸንፌያለሁ፣ በአስፋልቱ ዳር ባሉት ቀበሌዎች በሰፊው ተሸንፌያለሁ፣ ሼኹ በመረቁኝ መንደርም ለጥቂት ተሸንፌያለሁ። ባለቤቴ በእያንዳንዱ በር ላይ ያለውን ጮክ ብሎ አነበበልኝ፤ ኋላ ኋላ ድምፁ እየቀነሰ ሄደ። የመጨረሻው አርዲቦ ነው። እዚያ በሩ ላይ ሰው ተሰብስቧል። የሁለት ላሞች እናት ማንበብ ባይችሉም ከፊት ቆመዋል።

«አሸነፍን» አሉኝ።

በሩን አየሁ። እውነታቸውን ነው፤ እዚያ ጣቢያ ላይ አሸንፌያለሁ። «እማ» አልኳቸው፣ «እዚህ ነው እንጂ በድምሩ ተሸንፌያለሁ እኮ።»

«እኛስ የምንኖረው እዚህ አይደለም?» አሉ።

ያን ቀን አላለቀስኩም። ማልቀስ የሚያምረኝ አሸንፌ ቢሆን ነበር። ከሰዓት በኋላ ንጹሕ ሻሽ አስሬ ዳይሬክተራችን ቤት ሄድኩ። ቤቱ በእንግዳ ተሞልቷል። «እንኳን ደስ አለዎት መምህር» ብዬ ጨበጥኩት። ወደ ጓሮ ይዞኝ ወጣ።

«አርዲቦ ላይ ለምን ተሸነፍኩ?» ብሎ ጠየቀኝ። የምሩን ነው።

«እርስዎ የሄዱት አንድ ቀን ነው። እኔ ስሄድ ኖሬያለሁ።»

የአዲስ አበባ ስልክ ቁጥሩን ሰጠኝ። «እንዳታጠፊው» አለ።

ክረምቱ ሳያልቅ ጦርነቱ ወልድያን አልፎ ወደኛ ቀረበ። መጀመሪያ ተፈናቃይ መጣ፤ ትምህርት ቤቶቹ ሞሉ። ቀጥሎ የከባድ መሣሪያ ድምፅ ከአምባሰል በኩል ይሰማ ጀመር፤ ተራራው እየመለሰ ሲያስተጋባው ከየት እንደሆነ አይለይም። እኛም ተፈናቃይ የሆንነው በአንድ ጠዋት ነው። ባለቤቴ አይሱዙውን ጎረቤት፣ ሕፃን፣ ፍራሽ፣ በግ ጫነበት። እኔ ወደ እንስሳት ጤና ኬላው ሮጬ ማቀዝቀዣውን ቆለፍኩ። ክትባቱ እንዳይበላሽ መሆኑ ነው። መብራት እንደሚጠፋ እያወቅኩ ለምን እንደቆለፍኩት አላውቅም፤ እጄ የለመደውን ሠራ። ደሴ ደረስን፤ ደሴም አልበረከተልንም። ኮምቦልቻን አልፈን ደብረ ብርሃን ወጣን። እዚያ ብርዱ ሌላ ነው። ሰዉ ግን በሩን ከፈተልን፤ ያን አልረሳም።

ከወራት በኋላ ውጊያው ከአካባቢያችን ሲርቅ ተመለስን፤ ሐይቅ ዝም ብላ ነበር። ውኃው እንዳለ ነው፤ ወፎቹም አሉ። ሱቆቹ በራቸው ተገንጥሏል። ኬላችን ጣሪያው ቢተርፍም ማቀዝቀዣው የለም፤ የክትባቱ ብልቃጥ ወለሉ ላይ ደቅቆ ሲረገጥ ይንኮሻኮሻል። ነርሷ በሕይወት አለች፤ ሁለት እናቶችን ገደል ሥር አዋልዳለች። የምርጫ ጣቢያው ኃላፊ ወጣቱ መምህር ግን የለም። እናቱ መንቀሳቀስ ስለማይችሉ ትቷቸው መሸሽ እንቢ ብሎ ቀርቶ ነበር። ታጣቂዎች ከደጁ ወስደው ገደሉት። የተቀበረው በጎረቤቶቹ እጅ ነው፤ ሙስሊሞቹ ቆፈሩ፣ ያገኙት አንድ ቄስ ፈታው። እናቱን ልጠይቅ ስገባ ያቺ የመመሪያ መጽሐፍ ከመማሪያ መጻሕፍቱ ጋር መደርደሪያው ላይ ነበረች። አንስቼ አላየኋትም። እጃቸውን ይዤ ብዙ ተቀመጥኩ። በሰው ሕይወት ውስጥ ለአንድ ጠዋት ብቻ የቆመ ሰው እንዲህ ሊጎድል እንደሚችል ያኔ ነው ያወቅኩት።

አርዲቦ ዳር የቀረው ከብት ግማሹ ታርዶ ተበልቷል፤ የተረፈው ወደ ተራራው ተነድቶ የከረመ ነው። ከስቶ፣ ከሌላ አገር ከብት ጋር ተቀላቅሎ ተመለሰ። የበልጉ ዝናብ ሲጥል መሞት ጀመረ። አባሰንጋ ነው፤ ሳየው አወቅኩት። እጄ ላይ ግን ክትባት የለም። ወረዳ ሄድኩ፤ እዚያም መሥሪያ ቤቱ ወንበር እንኳ አልነበረውም፤ ሰዎቹ ቆመው ነው ያነጋገሩኝ። የሚያደርጉት እንደሌላቸው ዓይኔ አይቷል።

የሁለት ላሞች እናት አንዲት ላም ብቻ ተርፋላቸዋለች። ሌሎች ሴቶች ይዘው ኬላው ድረስ መጡ።

«ያ የመረጥነው ሰውዬ የት ነው?» አሉኝ።

«እማ፣ እርስዎ የመረጡት እኔን ነው።»

«እሱን ተይው። ያሸነፈውስ የኛ አይደለም? አንቺን መርጬ እሱ ካሸነፈ እሱም የኔ ነው። ጥሪው።»

ደወልኩለት። መጀመሪያ አዘነ፤ የምሩን ነው ያዘነው። ከዚያ ጊዜው የአገር ህልውና ጊዜ መሆኑን፣ የክትባት ጉዳይ ተራው እስኪደርስ መታገሥ እንዳለብን ነገረኝ። እስኪጨርስ ሰማሁት።

«መምህር» አልኩት፣ «ትምህርት ቤት ሳለን ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ ይሉን ነበር። እዚህ ብዙ እጅ ወጥቷል። ሲዝል ይወርዳል እንጂ ተራውን አይጠብቅም።»

«እመጣለሁ» አለ።

መጣ። አጃቢ ይዞ ነበር፤ ሣሩ ጫፍ ላይ አቆማቸው። ከስቷል። ሰዉ ተቀምጦ ጠበቀው፤ ወንበር ያቀረበለት የለም፣ ወንበርም አልነበረም። እኔ ዳር ያዝኩ። እናቲቱ ተነሡ።

«አንተ ልጅ፣ ያን ጊዜ የት ነበርክ?»

ብዙ ሊል ይችል ነበር። «አዲስ አበባ» አለ። ቀጥሎም፣ «ፈርቼ ነበር» አለ።

እናቲቱ በረዥሙ አዩት። «እኛም ፈርተን ነበር» አሉት። «እሺ፣ ይኼ አለፈ። ለቀሩት ከብቶች ምን ታደርጋለህ?»

«ጥያቄውን ለሚመለከተው አካል …» ብሎ ጀመረ።

«የሚመለከተው አካል ማነው?» አሉት። ለተንኮል አልነበረም፤ ማወቅ ፈልገው ነው።

ወደኔ አየ፤ እኔም አየሁት። ላግዘው አልፈለግኩም። «እኔ ነኝ» አለ።

ከዚያ በኋላ ጥያቄው ዘነበ። ስለ ዘር፣ ስለ ቆርቆሮ፣ ስለሞቱት ልጆች፣ ስላልተመለሱት። ለአንዳንዱ «አላውቅም» አለ፤ ለአንዳንዱ «አይሆንም» አለ፤ ለክትባቱ ግን «አመጣለሁ» አለ። ሲጨርስ ሴቶቹ እርጎ አቀረቡለት። ከየት እንዳገኙት እንጃ።

ክትባቱ ከክረምቱ ዝናብ ቀድሞ ደረሰ። የሚበቃንን ያህል አልነበረም፤ ለአርዲቦና ለአምባሰል ግርጌ ግን በቃ። በጸሐይ የሚሠራ ማቀዝቀዣም ቆይቶ መጣ። ኬላው እስካሁን በአንድ የቀበሌ ክፍል ውስጥ ነው፤ መንገዱም እንደነበረ ነው። በፓርላማ ቆሞ የእንስሳት ጤና ጥያቄ ማቅረቡን ከሌላ ሰው ሰማሁ። ሚኒስትሩ የመለሰለትን ግን ከራሱ አፍ ነው የሰማነው፤ ማንም ሳይጠራው መጥቶ ነገረን።

ዳግመኛ እወዳደር እንደሆነ የሚጠይቁኝ አሉ። ከተጠራሁ እወዳደራለሁ፤ ሌላ ሰው ከተነሣም ፊርማ አሰባስብለታለሁ። ምርጫችን ምን ያህል ምርጫ እንደሆነ አውቃለሁ፤ የሚያሞኘኝ የለም። ቢሆንም ያ ሰው ተፎካካሪ ባይኖረው ኖሮ የአርዲቦን ቁልቁለት እንደማያውቀው፣ ባያውቀው ደግሞ በክፉ ቀን ስንጠራው መንገዱ እንደማይገኝለት አውቃለሁ።

ክትባቱ በመጣበት ቀን ከብቱን ሁሉ ውኃው ዳር አሰለፍን። ባለቤቴ ሳጥኑን ከአይሱዙው አወረደ። ከብት የሚይዝ ሰው ስላነሰ የፓርላማ አባላችን ኮቱን አውልቆ፣ ሱሪውን ጠቅልሎ የአንድ ቀይ በሬ ገመድ ያዘ። በሬው ኃይለኛ ነው፤ እየጎተተው ጭቃ ውስጥ አስገባው። ገበሬዎቹ ግራና ቀኝ ቆመው ስለ ትምህርት ቤቱ ጣሪያ ይጠይቁታል፤ እሱም በሬውን እየታገለ ይመልሳል። ወግቼ ስጨርስ የጣሪያው ነገር ገና አላለቀም ነበር። ወደሚቀጥለው በሬ አለፍኩ።